አድብሉ በብርድ እንዳይረጋ ምን ይሻላል? ለገላንና ለዱከም ባለመኪኖች የንጽጽር መመሪያ

በታህሳስ አንድ ማለዳ፣ ገላን ዳር መኪና በማሳድርበት ግቢ ረዳቴ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ አድብሉው በረዶ ሰርቷል!» አድብሉ ማለት የናፍጣ መኪና ጭስ እንዲጸዳ ወደ ጭስ ማውጫው የሚረጭ፣ በራሱ ታንከር የሚቀመጥ ፈሳሽ ነው። ወጥቼ አየሁ። እውነትም በሰማያዊው ክዳን ዙሪያ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ብርዱ ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በርቷል። ታዲያ ማን ይጠራጠራል? ውሃ አፍልተን ታንከሩ ላይ አፈሰስን፤ አልበቃ ብሎኝ ከሰዓት በኋላ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ «ፀረ በረዶ» የተባለ ጠርሙስ ገዝቼ ግማሹን ታንከሩ ውስጥ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ፖምፓው እምቢ አለ። መኪናው 2 ሳምንት ቆመ።

ነጩ ነገር በረዶ አልነበረም። ዩሪያ ነበር። አድብሉ ከክዳኑ ጠርዝ ትንሽ ትንሽ እያለ ወጥቶ ውሃው ሲተን ዩሪያው እንደ አፍዴራ ጨው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በረዶ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይቀልጣል። ይሄ አይቀልጥም፣ በጣት ሲያሹት ይፈረፈራል። ይህቺን ብቻ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ገንዘብ ባልከሰከስኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለመኪና ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። አንዱ ታንከሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይለዋል፣ ሌላው ማሞቂያ አስገባ፣ ሌላው ጭራሽ ንቀለው ይለዋል። ስለዚህ ሁሉንም ምርጫ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። የማንንም ዕቃ ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ስለ ፈሳሹ

አድብሉ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው። የቀረው ማዕድኑ የወጣለት ንጹህ ውሃ ነው። አይኤስኦ 22241 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም የሚለው ይህንኑ ነው። የሚረጋው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ነው። 32.5 የተባለውም በዘፈቀደ አይደለም። ዩሪያና ውሃ ሲቀላቀሉ ብርድን ከሁሉም በላይ የሚቋቋሙት በዚህ መጠን አካባቢ ነው። ውሃ ብትጨምሩ ቶሎ ይረጋል፣ ዩሪያም ብትጨምሩ ቶሎ ይረጋል። ማሩም ውሃውም ሲበዛ ጠጁ እንደሚበላሸው ማለት ነው።

ቢረጋስ? ፈሳሹ አይበላሽም። ሲቀልጥ እንደነበረው ይሆናል፣ መጠኑም አይዛባም። ችግሩ ሲረጋ 7 በመቶ ያህል ማበጡ ነው። እስከ አፉ የሞላ ታንከር ወይም ጀሪካን ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተሩ ግን አድብሉው ረግቶም ይነሳል፣ መኪናው እየሄደ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር። እዚህ ላይ አንድ የቃል ጣጣ አለ። የመኪናው መመሪያ ላይ «ዊንተር» ያለውን ሰው «ክረምት» ብሎ ይተረጉመዋል። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ብርዱ ያለው በበጋው፣ በህዳርና በታህሳስ ሌሊት ነው። በዚያ ጊዜም ቢሆን ገላንና ዱከም ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ አጠገብ አይደርሱም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውርጭ ይጥላል። ደብረ ብርሃን ላይ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል። ለአድብሉ ይሄ ገና ነው።

ሙቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸው መኪና በማግስቱ አዋሽን አልፎ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ ይደርሳል። እዚያ ያለውን ሙቀት ለሹፌር አልነግረውም። አድብሉ በደረጃው መሠረት እስከ 10 ዲግሪ ሙቀት ሲቀመጥ 36 ወር ይቆያል። በ25 ዲግሪ 18 ወር፣ በ30 ዲግሪ 12 ወር፣ በ35 ዲግሪ 6 ወር ብቻ። ከዚያ በላይ ሲሆን ከመጠቀማችሁ በፊት መመርመር አለበት። እኛን የሚያስፈራን ብርድ ለፈሳሹ ዕድሜ የሚሰጠው ነው።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ የምመዝነው በአራት ነገር ነው። አንደኛ፣ መኪናው የሚያድርበትና የሚሄድበት ቦታ ምን ያህል ይበርዳል፣ ምን ያህልስ ይሞቃል? ሁለተኛ፣ መፍትሄው ፈሳሹን ይነካዋል ወይስ አይነካውም? ሦስተኛ ወጪው፣ የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን በየወሩ የሚከተለውም። አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ መፍትሄው ራሱ ቢበላሽ ምን ይዞብን ይሄዳል? እኔ የከሰርኩት በዚህ በአራተኛው ነው።

ምርጫ 1፦ መኪናው ይዞት የመጣውን ማሞቂያ መጠበቅ

አድብሉ ያላቸው ከባድ መኪኖች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ማሞቂያ ይዘው ይወጣሉ። በታንከሩ ውስጥ የተጠማዘዘ ቱቦ አለ። ከሞተሩ የሚመጣ የጋለ የራዲያተር ውሃ በዚያ ያልፋል። መንገዱን የሚከፍትና የሚዘጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ አለው። ፈሳሹ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ደግሞ በማሞቂያ ሽቦ የተጠቀለሉ ናቸው። ሲበርድ ኮምፒውተሩ ቫልቩን ይከፍተዋል፣ ሲሞቅ ይዘጋዋል። ሹፌሩ የሚነካው ነገር የለም።

ከብርድ አንጻር ከዚህ የሚሻል የለም። ወጪው ተከፍሎበታል። ፈሳሹንም አይነካም።

አራተኛው መመዘኛ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቫልቩ ተዘግቶ ቢቀር፣ ለኛ መንገድ፣ የዳሽቦርድ መብራት ማብራቱ ካልሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። ተከፍቶ ከቀረ ግን አለቀ። የጋለ ውሃ ቀንም ሌሊትም በታንከሩ ውስጥ ይዞራል፤ መኪናው አፋር ሲገባ ከውጭም ሙቀት፣ ከውስጥም ሙቀት ይሆናል። አድብሉው የአሞኒያ ሽታ ያወጣል፣ ጥራቱ ይወርዳል፣ ክዳኑ ዙሪያ ነጩ ነገር ይጋገራል፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። የኔም መኪና ዋና በሽታ ይሄ ነበር። ብርድ ነው ብዬ የታገልኩት ሙቀት ነበር ማለት ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ሞቃት ባልሆነ ቀን ረጅም መንገድ ከተነዳ በኋላ የአድብሉውን ታንከር በእጃችሁ ንኩ። ለብ ቢል ችግር የለም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ቫልቩን አስፈትሹ። አንዳንድ መካኒክ የውሃውን ጎማ በቡሎን ይደፍነዋል። መንገድ ላይ ለችግር ጊዜ ይሆናል እንጂ ለዘላቂው አልመክርም። በአንዳንድ መኪና ያው የራዲያተር ውሃ ማርሚታው አጠገብ ያለውን የአድብሉ መርጫም ያቀዘቅዛል። የተሳሳተው ጎማ ከተደፈነ መርጫው ይቃጠላል።

ምርጫ 2፦ ምንም አለመግዛት፣ አጠፋፍን ማስተካከል

ይሄኛው ብር አይጠይቅም፤ ለኛ አካባቢ ደግሞ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ሞተሩ ሲጠፋ በብዙዎቹ መኪኖች የአድብሉው ፖምፓ ወዲያው አይተኛም። በቱቦው ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ወደ ታንከር መልሶ ይስባል። ጆሮ ሰጥታችሁ ብትሰሙ እዝ ይላል። የኛ ሹፌር ደግሞ ባትሪ ይሰረቅብኛል ወይም ይወርድብኛል ብሎ ቁልፉን እንዳዞረ ማስተር ስዊቹን ቀጭ ያደርገዋል። ፈሳሹ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። በብርድ አገር ረግቶ አብጦ ቱቦ ወይም ፖምፓ ይሰነጥቃል። እኛ ጋ ደግሞ ይደርቅና ዩሪያው እንደ ድንጋይ ይጋገራል። በሽታው ይለያያል እንጂ መንስኤው አንድ ነው።

ስለዚህ ድምፁ እስኪያቆም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ስዊቹን አጥፉ። ታንከሩንም እስከ አፉ አትሙሉት። ሰማያዊውን ክዳንና ዙሪያውን በየሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ውሃው ታንከሩ ውስጥ እንዳይገባ ግን አደራ።

ምርጫ 3፦ መጠቅለል

ጆንያ፣ ፎም፣ ሸራ፣ ብርድ ልብስ። ግቢያችን ውስጥ ሁሉም አይነት አለ። ልብስ ግን ሙቀት አይፈጥርም፣ ያለውን ያቆያል እንጂ። ሙቅ ታንከር ለአንድ ሌሊት ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል። መኪናው ቅዳሜና እሑድ ከቆመ ከውጪው አየር ጋር እኩል መሆኑ አይቀርም። ጭስ ማውጫው አጠገብ ከሆነ ደግሞ ይቀጣጠላል፣ ዘይትና ናፍጣ የጠጣ ጆንያ ከሆነማ አይነገርም። ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ፀሐይ የሚመልስ ሽፋን ለአፋር መንገድ ያዋጣል። ለብርድ ግን አትድከሙ።

ምርጫ 4፦ በመብራት የሚሠራ የውጭ ማሞቂያ

በርሜል ዙሪያ የሚታሰር ቀበቶ አለ፣ ውስጥ የሚነከርም አለ። ለብርድ አገር ጥሩ ነው። ለኛ የማያስፈልግ ወጪ ነው፣ መብራቱም በሄደ ቁጥር ይጠፋል። ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ከሆነ ፈሳሹን ያበስለዋል። ይለፈን።

ምርጫ 5፦ የሆነ ነገር መጨመር

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠመደው እዚህ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከናፍጣ ይመስለኛል። ድሮ ብርድ አገር የሄደ ሹፌር ናፍጣው እንዳይወፍር ላምባ ይቀላቅል ነበር። ለራዲያተርም ፀረ በረዶ አለ። ስለዚህ ለአድብሉም የሆነ ጠብታ መኖር አለበት ብሎ ሰው ያስባል። የለም። ደረጃው ከዩሪያና ከንጹህ ውሃ ሌላ ምንም አይፈቅድም። የካልሲየም መጠኑ እንኳ በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። የጉድጓድ ውሃችን ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። እሱ ነው ካታላይስቱን፣ ጭሱን የሚያጸዳውን ዕቃ፣ የሚደፍነው። አልኮል፣ ጨው፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የፈላ ውሃ፣ ሁሉም ፈሳሹን ያበላሻሉ። የፈላ ውሃ ደግሞ በራሱ ላይ ነው የሚሠራው፤ ውሃ በመጨመር አድብሉው ቶሎ እንዲረጋ ታደርጉታላችሁ።

ሌላው ብልሃት ማዳበሪያ ዩሪያ ገዝቶ መበጥበጥ ነው። «ያው ዩሪያ አይደል?» ይላል ሰዉ። አይደለም። ባዩሬት የሚባል ነገር አለ፣ ዩሪያ ሲመረት በሙቀት የሚፈጠር። በአድብሉ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ማዳበሪያ ላይ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ፍሬው እንዳይያያዝ የሚቀባ ነገርም አለበት። ለጤፉ ችግር የለውም፣ ለመርጫው ግን መዝጊያ ነው። ማዳበሪያውንስ ለገበሬው ተዉለት።

አድብሉ የሚለካ ሪፍራክቶሜትር የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች። አንድ ጠብታ ታደርጉና በብርሃን ታያላችሁ። ከ31.8 እስከ 33.2 መካከል ከሆነ ደህና ነው። ግን የምታሳየው የመጠኑን ነገር ብቻ ነው። ጨው ወይም ሌላ የሟሟ ነገር ከተጨመረበት ቁጥሩ ያታልላል።

ምርጫ 6፦ አስመሳይ ሳጥን ማስገባት

አድብሉ ሳይኖር ለኮምፒውተሩ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ብርዱም አያሳስብም፣ ፈሳሹም አይገዛም። በወረቀት ላይ ርካሽ ነው። ግን የማይሠራው መርጫ ማርሚታው ሙቀት ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ ፖምፓው ውስጥ የቀረው ይጋገራል፤ ነገ መኪናውን ልሽጥ ወይም ወደ ነበረበት ልመልስ ስትሉ ሙሉ ዕቃውን ነው የምትገዙት። ጭሱንም የሚተነፍሰው የቃሊቲና የዱከም ሰው ነው፣ የኔ ልጆች ጭምር። እኔ አልሞክረውም።

ምርጫ 7፦ ማስቀመጫውን መምረጥ

እንደኔ ብራችሁ መሄድ ያለበት እዚህ ነው።

መኪናችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ናፍጣ ይበላል እንበል። አድብሉ ለ100 ሊትር ናፍጣ 5 ሊትር ያህል ይሄዳል። ጅቡቲ ደርሶ መልስ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ናፍጣው 720 ሊትር፣ አድብሉው 36 ሊትር ይሆናል። ይህችን ስሌት በራሳችሁ መኪና ቁጥር ሥሩ፣ ከዚያ ማስቀመጫውን ምረጡ።

የታሸገ 10 ሊትር ጀሪካን በሊትር ሲሰላ ውድ ነው። ግን ይከፈታል፣ ይጨመራል፣ ያልቃል። አቧራ አይገባበትም። ጋቢና ውስጥ ግን ለብዙ ቀን አይክረም፤ በሚሌ ፀሐይ የተዘጋ ጋቢና ምድጃ ነው።

200 ሊትር በርሜል በሊትር ይረክሳል፣ ከ218 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ፕላስቲክ መሆን አለበት። የብረት በርሜል አይሆንም፤ አድብሉ ተራ ብረትን፣ መዳብን፣ ናስን፣ ዚንክ የተቀባን ይበላል፣ የበላውም ወደ ካታላይስቱ ይሄዳል። የራሱ ፖምፓ፣ የራሱ ጎማ፣ የራሱ ማንቆርቆሪያ ይፈልጋል። ናፍጣ የነካ ዕቃ ፈጽሞ አይነካውም። በክረምት ዝናብ ክዳኑ ላይ የተኛ ውሃ ሲከፈት ወደ ውስጥ ይገባል፣ እሱንም አስቡ።

1,000 ሊትሩ፣ በብረት ፍርግርግ የታጠረው ኩብ፣ ለአንድ መኪና አይመከርም። ከላይ ባለው ስሌት 27 ደርሶ መልስ ነው። በወር 3 ጊዜ የሚመላለስ አንድ መኪና 9 ወር ይፈጅበታል፤ 5 መኪና ያለው ሰው ግን 2 ወር ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ሁሉንም ጥላ ውስጥ አኑሩ። የቆርቆሮ መጋዘን በቀን ይግላል። ግቢያችሁ ውስጥ የጭቃ ቤት ካለ እሱ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው።

| ምርጫ | ለብርድ | ፈሳሹን ይጎዳል? | ወጪ | ለገላንና አካባቢው |
|---|---|---|---|---|
| የፋብሪካ ማሞቂያ | በጣም ጥሩ | ቫልቩ ተከፍቶ ካልቀረ አይጎዳም | ጥገና ብቻ | ጠብቁት፣ ቫልቩን ፈትሹ |
| አጠፋፍን ማስተካከል | ጥሩ | አይጎዳም | የለም | ሁሉም ያድርገው |
| መጠቅለል | ለአንድ ሌሊት | አይጎዳም፣ እሳት ግን ያሰጋል | ትንሽ | ለብርድ አያስፈልግም |
| የውጭ ማሞቂያ | ጥሩ | ከበዛ ይጎዳል | ከፍተኛ | አያስፈልግም |
| መጨመር | አይረዳም | ያበላሻል | ትንሽ ገዝቶ ብዙ መክፈል | በፍጹም |
| አስመሳይ ሳጥን | ጥያቄው ይቀራል | ዕቃውን ይደፍናል | መካከለኛ፣ በኋላ ብዙ | አልመክርም |
| ጥሩ ማስቀመጫ በጥላ | ይረዳል | ይጠብቃል | ከትንሽ እስከ መካከለኛ | ቅድሚያ ስጡት |

ለማን የትኛው?

አንድ መኪና ብቻ ካላችሁና እጅ ካጠራችሁ፣ የታሸገ ጀሪካን በጉዞው ልክ ግዙ፣ አጠፋፉን አስተካክሉ። ሌላ ምንም አትግዙ። ትንሽ ከተረፈ ሪፍራክቶሜትሯን።

ከ3 እስከ 10 መኪና ያላችሁ፣ ፕላስቲክ በርሜል ወይም ኩቡን ከነፖምፓው አስገቡ። ቁልፉን ለአንድ ሰው ስጡ። ሁሉም የሚከፍተው በርሜል ውስጥ የማይገባ ነገር የለም።

ወደ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደሴ የምትመላለሱ፣ የፋብሪካ ማሞቂያው መሥራቱን ከህዳር በፊት አስፈትሹ። ታንከሩን ትንሽ አጉድላችሁ እደሩ። ከዚያ በላይ አትጨነቁ።

የጅቡቲ መስመር ሰዎች፣ የናንተ ጠላት ሙቀት ነው። የማሞቂያውን ቫልቭ አስፈትሹ፣ ትርፍ አድብሉ ጭናችሁ አትዙሩ።

ውጭ አገር ትራክ የሚነዳ ወንድም ወይም ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ የሱን ምክር ለኛ መንገድ አታምጡ፣ የኛንም ለሱ አትላኩ። የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚነዳው። እዚያ በጥር ከዜሮ በታች 20 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። የሱ አድብሉ በእርግጥም ይረጋል። እሱም ቢሆን የሚያደርገው ሞተሩን አስነስቶ መሄድ ነው፣ ማሞቂያው ራሱ ያቀልጠዋል። ትርፍ ጀሪካኑን ቤት ውስጥ ያሳድራል። ጠብታ አይጨምርም።

ያቺ ግማሽ የቀረች ጠርሙስ አሁንም ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አለች። ለራዲያተር እንኳ ትሆን እንደሆነ መካኒኩን ጠየቅኩት። አገላብጦ አያት፣ ምን እንዳለባት የሚል ጽሑፍ ፈለገባት፣ አጣ። «እሷን ለራዲያተሬም አልሰጥም» ብሎ መለሰልኝ።